መገልበጥ

ስልኬ ይጮኻል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
ተነሥቼ ባሌን የምገለብጥበት።
አንድ እጄን ከትከሻው፣ አንዱን ከዳሌው ሥር፣
«ቢስሚላህ» እላለሁ፤ «ያዝ እንግዲህ፣ ይመር።»
እሱ በክንዶቹ የራስጌውን ብረት ይስባል፣
እኔ እገፋለሁ፤ አልጋው ሲጢጥ ይላል፤
ሰውዬው ይዞራል።

ይህችን ቃል ስፈራት ነበር።
«ተገለበጠ» አለኝ ረዳቱ፣ ቆሞ ከደጃፌ በር፣
የባሌን አንድ ጫማ በእጁ አንጠልጥሎ።
ሌላውስ? አልኩት እንደ ሞኝ፤ ዝም አለ አንገቱን አዘንብሎ።
ሐረጎ፣ ከላይ ሲቆጠር ሰባተኛው ዙር ላይ፣
ጉም መንገዱን ውጦት፣ ሰው እጁን እንኳ ሳያይ፣
አራት መቶ ኩንታል ስንዴ ገደል ውስጥ ፈሰሰ።
ክረምቱ ደግ ነበር፤ በወሩ ገደሉ ስንዴ ለበሰ፤
ለምለም ነው፣ ያምራል አሉ፣ በዚያ ያለፉ ሁሉ።
እኔ ማታ ማታ እግሮቹን እዳብሳለሁ፤
እነሱ ግን አልበቀሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ፊደል ቆጠርን፤
ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደጅ መሻገር ተማርን።
ኮምቦልቻ ለጥ ያለች ናት፤ እንደ ደሴ ዳገት አትቆጥርም፤
ወንበሩ ያለው ሰው ከሰው አይቀርም።
ጎሚስታ ከፈተ፣ ከድልድዩ ማዶ፤
ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣
አረፋዋን አይቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣
መርፌ የወጋትን ቀዳዳ ያገኛል።
«ይመር የነካው ጎማ አገር ያደርሳል» ይባላል።

ያ ሰው ነው እንግዲህ
የራሱን ቀዳዳ ያልሰማ።

ሽምብራ የምታክል ቅላት፣ መቀመጫው አጥንት ላይ።
ማታ ማታ ባትሪ ይዤ እኔ ነበርኩ የማይ።
የእህቴ ልጅ ሠርግ ሆነ፣ ሐርቡ፤ ጉድ ጉድ ስል፣ ስደክም፣
ሦስት ሌሊት አላየሁም።
በአራተኛው ትኩሳት አንቀጠቀጠው።
ልብሱን ስገልጥ ሽታው ቀደመኝ፤
ሽምብራዋ አውራ ጣት ትውጣለች።

ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ በሆዱ አስተኝተነው፣
መስኮት የለው፣ መሪ የለው፣
ዙሩን በጎድኑ ቆጠረ።
አንደኛዋ ላይ ሲደርስ ቁጥሩን አቋረጠ፤
እኔም ቀጥል አላልኩትም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጓንቷን አወለቀችና
«ሦስት ወር መቀመጥ የለም፤ በሆድ፣ በጎን ብቻ፤
በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል» አለችን።
ይመር ሳቀ። «ለመገልበጥስ ልምድ አለኝ።»
እሷ አልገባትም።
እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ጦሳ ላይ ደመና ነበር።

ወንበሩ ጥግ ቆሟል። ረውዳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ
ዩኒፎርሟን ትሰቅልበታለች።
የአሥራ ሁለት ዓመት መንገድ
በሦስት ሌሊት ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤
ታኮ የሚያደርግለት ድንጋይ ጠፍቶ።

ትናንት መስታወት አምጪ አለኝ። ያዝኩለት፤
አንገቱን አጣሞ ብዙ አየ።
«ይቺስ በማስቲሽ አትያዝም።»
ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።
ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላለኝም።
ቢል ደስ ይለኝ ነበር።
ቢል አላምነውም ነበር።

አሥር ሰዓት። ስልኬ ይጮኻል።
ከሩቅ፣ ሐረጎን የሚወጣ ከባድ መኪና ያቃስታል።
«ማርሽ ቀንስ» ይላል ይመር፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በጨለማ፤
«ቀንስ፣ አትጨቅጭቃት...» እንደው ሾፌሩ ቢሰማ።
ለዚህኛው ይሁን የሚመክረው፣
ወይስ ለዚያ፣ በጉም ውስጥ ለሚወርደው፣
አልጠየቅሁም።

አንድ እጄን ከትከሻው፣ አንዱን ከዳሌው ሥር።
ያዝ እንግዲህ፣ ይመር።